የማይወዱትን ፍርድ ስለ መፈጸም

የእኅቴ ልጅ ባሜሪካን አገር በሜሪላንድ ተቀምጣ፥ ዜግነት ለመቀበል የሚቀርበውን የቃል ፈተና ታጠና ነበርና አንድ ቀን ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፥ አንዱ የመንግሥት ክፍል ከሌሎቹ በላይ ኃያል እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ የሥልጣን መከፋፈልና እርስ በርስ መቆጣጠር ነው። ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ባልና ሚስት እንኳ ከተጠራጠሩ ቤታቸው ይፈርስ የለም ወይ? እርስ በርሱ የሚጠባበቅ መንግሥት እንዴት ይጸናል?» አለችኝ።

ያን ማታ የመለስሁላት መልስ የማይረባ ነበር። ያስተማሪነት ልማድ ሆኖብኝ ሦስቱን ክፍሎች እየቈጠርሁ ነገርኋት እንጂ የጠየቀችኝን አልመለስሁም። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ስለዚህ ለርስዋና ለእኩዮችዋ ይህን ጻፍሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሕግ አውጪ፥ ሕግ አስፈጻሚ፥ ሕግ ተርጓሚ የሚሉትን ስሞች ሳትሰማቸው አልቀረህም። ባማርኛችን ሦስቱም በሕግ ይጀምራሉ፤ ባለሥልጣኖቹ ሁሉ ከፊታቸው የቆመ ጌታ እንዳላቸው ስማቸው ራሱ ይመሰክርባቸዋል። ባሜሪካ ሕግ አውጪው ኮንግሬስ የሚባለው ጉባኤ ነው፤ እርሱም 435 አባላት ያሉት የእንደራሴዎች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። አስፈጻሚው ፕሬዚዳንቱ ነው። ተርጓሚዎቹ ዳኞች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ 9 ዳኞች የሚቀመጡበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ተርጓሚ የሚለውን ቃል እኔ እወደዋለሁ። ተርጓሚ የመጽሐፉ ደራሲ አይደለምና ከራሱ አንዳች ቢጨምር ሐሰተኛ ይባላል።

በ1787 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በፈረንጆች ነው) በፊላዴልፊያ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋራ ተዋግተው የተለዩ ነበሩና ሥልጣንን ባንድ እጅ ማስቀመጥ ፈሩ። ራሳቸውንም ቢሆን አላመኑም፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ባሪያ ያሳድሩ ስለ ነበር ራሳቸውን አለማመናቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስነቅፋቸው አይደለም። እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ ያልወደደውን ሕግ በቬቶ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሦስት እጅ በሁለት እጅ ድምፅ ቢስማሙ ያለ እርሱ ፈቃድ ያጸኑታል። ኢምፒችመንት የሚባለውን ብዙ ሰው ሽረት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ክስ ብቻ ነው። ከሳሹ የእንደራሴዎች ምክር ቤት፥ ፈራጁ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ነው። በ1868 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ተከሶ፥ ለመሻሪያው አንድ ድምፅ ብቻ ጎድሎ ተረፈ፤ እስካሁንም በዚህ መንገድ ከሥልጣኑ የወረደ ፕሬዚዳንት የለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሦስተኛው ክፍል ነው። ኮንግሬስ የገንዘቡን ከረጢት ይዟል፤ ፕሬዚዳንቱ ጦሩን ያዛል። ፍርድ ቤቱ ከቃል በቀር ምን አለው? አሌክሳንደር ሃሚልተንም ይህን አይቶ፥ በ1788 ዓ.ም. ከሦስቱ ደካማው ፍርድ ቤቱ መሆኑን ጽፎ ነበር። ታዲያ ጦር ያለው ጦር ለሌለው ስለ ምን ይታዘዛል?

አባቴ ስለ ድሮው ልማድ ያጫወተኝን እዚህ ላይ አስታውሳለሁ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛው እጁን ይሰበስባል። እኔም ልጅ ነበርሁና «ጉልበተኛው ባይቆምስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያን ጊዜ ቃሉን የሰማው መንገደኛ ሁሉ ይነሣበታል፤ መንገደኛው ዝም ካለ ግን የተበደለው እንደ ተበደለ ይቀራል» አለኝ።

መንገደኛው ዝም ያለበትን አስቀድሜ ልናገር። በጆርጂያ ግዛት አጠገብ ቼሮኪ የሚባሉ ያገሩ ነባር ሕዝብ ይኖሩ ነበር። ጆርጂያ ምድራቸውን ስለ ተመኘች የራስዋን ሕግ በላያቸው ጫነች፤ ያለ ፈቃድዋ በመካከላቸው የተቀመጠውን ሳሙኤል ዉስተር የሚባለውንም ሚሲዮናዊ 4 ዓመት ከባድ ሥራ ፈርዳ አሰረችው። በ1832 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋናው ዳኛ በጆን ማርሻል ቃል የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪዎች ምድር ኃይል የለውም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ጆርጂያ ግን እስረኛውን አልፈታችም፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ቼሮኪዎቹ ከምድራቸው እንዲወጡ ይፈልግ ስለ ነበር ፍርዱ እንዲከበር አላደረገም። ሚሲዮናዊው በሚከተለው ዓመት በአገረ ገዢው ምሕረት ወጣ። ሕዝቡን ግን በ1838 ዓ.ም. ወታደሮች ከየቤታቸው አውጥተው ወደ ምዕራብ ነዱአቸው፤ በመንገድና በማጎሪያው ሰፈር በሺህ የሚቈጠሩ ሞቱ። ከእነዚያ ሟቾች አንዱ ቢጠየቅ፥ የሥልጣን መከፋፈል ምን ጠቀመኝ ይል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከዚያ 125 ዓመት በኋላ የሆነ ነው። በ1954 ዓ.ም. 9ኙም ዳኞች ባንድ ቃል፥ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በመንግሥት ትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል ብለው ፈረዱ። በ1957 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፥ በአርካንሳስ ግዛት በሊትል ሮክ ከተማ 9 ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ ወደ ነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመጡ፥ አገረ ገዢው ኦርቫል ፎበስ የግዛቱን ወታደሮች በበሩ አቁሞ መለሳቸው። ከተማሪዎቹ አንዲቱ የ15 ዓመት ልጅ ብቻዋን መጥታ ነበርና፥ የተቈጣ ሕዝብ እየጮኸባት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ተከተላት። የዚያች ልጅ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፤ መነጽር አድርጋ፥ ደብተርዋን ይዛ፥ ወደ ፊት እያየች ትሄዳለች።

ፕሬዚዳንቱ ድዋይት አይዘንሃወር ያን ፍርድ ወደድሁት ወይም ጠላሁት ብሎ በአደባባይ ለመናገር እንቢ ይል ነበር፤ የሰው ልብ በሕግ ትእዛዝ አይለወጥም የሚል አሳብም ነበረው። ነገር ግን በሴፕቴምበር 24 ቀን የ101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ወደ ከተማይቱ ላከ፤ ያንኑ ማታ በቴሌቪዥን ሲናገርም፥ ስለ ፍርዱ ያለን የግል አስተያየት በመፈጸሙ ነገር ውስጥ እንደማይገባ ለሕዝቡ አስታወቀ። በማግሥቱ 9ኙ ልጆች በወታደሮች ታጅበው ገቡ። የሚወደውን ፍርድ ሽፍታም ይፈጽማል። እኔ አይዘንሃወርን የማከብረው ከጦር ሜዳ ድሎቹ ይልቅ በዚህ ነው፤ ዘገየ ብለው የሚወቅሱትም አልተሳሳቱም፤ ልጆቹ 3 ሳምንት ጠብቀዋልና።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በሌላ ቀን በስልክ ነገርኋት። ክፍሎቹ የሚጠራጠሩት እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት አይደለም፤ ገንዘብ በጋራ ያስቀመጡ ዕቁብተኞች የሚጻጻፉት ሌባ ተብለው አይደለምና አልኋት። ነገር ግን መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ዕጣው ለሌላ በወጣ ጊዜ መክፈል የሚፈቅድ ሰው ያስፈልጋል። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ «ፍርዱ ራሱ ግፍ ቢሆንስ፥ ጋሼ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ፍርድ አለ። በ1857 ዓ.ም. ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃነቱን የጠየቀውን ድሬድ ስኮት የሚባለውን ሰው፥ ጥቁር ሰው ባሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ መለሰው። አብርሃም ሊንከን ያን ጊዜ ገና ፕሬዚዳንት አልነበረም፤ ፍርዱን በኃይል አንቃወምም፥ ነገር ግን ስሕተት ነውና እንዲለወጥ እንጥራለን የሚል አቋም ያዘ። ፍርዱ በመጨረሻው በ1868 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ተሻረ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ያለቀበት ጦርነት መጣ። ድሬድ ስኮት ራሱም ማሻሻያውን ሳያይ በ1858 ዓ.ም. ሞቷል። በባርነት ያለ ሰው እስኪለወጥ ድረስ ታገሥ ቢሉት፥ ታጋሹ እርሱ እንጂ መካሪው አይደለም። ለልጅቱ የነገርኋት ይህን ነው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁላትም፤ እርስዋም ያገኘሁ አስመስዬ ባለመናገሬ ደስ ያላት መሰለኝ።

ፈተናውን አለፈች። ስለ መንግሥት ክፍሎች ፈታኙ የጠየቃት፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ስንት ናቸው የሚለውን ብቻ ነበር።