አለማመን ማወቅ አይደለም



አንድ ሰው ሞቶ ተገኘ እንበል። ፖሊስ መረመርኩ፣ ደረስኩበት ያለውን ነገረን፤ ልባችን ግን አልተቀበለውም። ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ ይገባናል? የተነገረንን ዝም ብለን እንቀበል? ወይስ የልባችንን ግምት እንደ እውነት ይዘን ከቤት ቤት እንዙር? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሰው ደምና የሰው ክብር ያለበት ስለሆነ ግን ጥቂት ቆም ብላችሁ አብራችሁኝ እንድታስቡበት እጋብዛችኋለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። አዘና ላይ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ዙሁር ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ ጭቃውን እየዘለልን ገበያው ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተጠለልን። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በዚያው ዕለት ጠዋት አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው መገኘታቸው ይነገራል። መኪናው ውስጥ ሽጉጥ መገኘቱም ተነገረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሻይ ቀጂዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

ኢንጂነሩ ለአዊ ሰው ሩቅ አልነበሩም። ግድቡ ያለበት ጉባ ወረዳ የጎረቤታችን የመተከል ነው። በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ወደዚያ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ስናይ ኖረናል። ሥራው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ አንሥቶ አስተማሪው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከእህሉ ዋጋ ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። በቴሌቪዥን ብቅ እያሉ ሥራው የት እንደደረሰ የሚነግሩን ደግሞ እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሐዘኑ የቤት ሐዘን ነበር።

ዝምታው ግን ብዙ አልቆየም። ዝምታውን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። «ማን እንዳስገደላቸው የታወቀ ነው!» አልኩና ስም ጠራሁ። ጎኔ የተቀመጠው ጨመረበት፤ ሌላው ደግሞ «ከታማኝ ሰው የሰማሁት ነው» ብሎ አጸናው። ከጥግ በኩል በልጅነታችን ቁርአን ያስቀሩን አንድ አዛውንት ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሁላችንንም ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ልጄ፣ አሁን ያልከውን ቃዲ ፊት አቁመው ቢያስምሉህ ትደግመዋለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እሑድ ሐምሌ 22 ቀን ኢንጂነሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ፍትሕ ይሰጠን የሚል ድምፅ በአዲስ አበባም በጎንደርም ተሰማ። ስድስት ሳምንት አለፈ። አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በወቅቱ የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራል የነበሩት ዘይኑ ጀማል የምርመራውን ውጤት ሲገልጹ ኢንጂነሩ ራሳቸውን አጥፍተዋል አሉ። ብዙ ሰው አላመነም።

በዚያው ሰሞን ሻይ ቤቷ ውስጥ አንዱ ወጣት አዛውንቱን፣ «አባባ፣ እርስዎስ ፖሊስ ያለውን አመኑ?» አላቸው።

«አላመንኩም» አሉ።

«እንግዲያው ተገድለዋል ማለት ነዋ!»

«እሱንም አላወቅኩም። አለማመኔን ዕውቀት አታድርጉብኝ።»

ይህች መልስ ያን ዕለት ከጉዳዩ መሸሽ መስላኝ ነበር። ዛሬ ግን ከሁላችንም ንግግር ይልቅ ለሟቹ የምትቀርበው እርሷ እንደሆነች ይሰማኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሕዝቡ ለምን አላመነም?

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፖሊስን አለማመን በራሱ ጥፋት አይደለም። ነጋዴ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ዱቤ ወስዶ ሳይከፍል የቀረ ሰው ተመልሶ ዱቤ ሲጠይቅ፣ ዛሬ የሚለው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ባለሱቁ ደብተሩን ሳይገልጥ አይመልስለትም። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ እጅ ላይ የነበረው ደብተር ደግሞ የተሞላ ነበር።

ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ ቦታ ስሙ ሲጠራ ሰው የሚሸማቀቅበት ሆኖ ኖሮ የተዘጋው በዚያው ዓመት ነው። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ 2005 ዓ.ም.ን አንረሳም። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ሳለ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ሕዝብ እንዲፈርድ ተደርጓል። በእስር ላይ ያለ ሰው የሰጠው ቃል እንዴት ለእይታ እንደሚቀርብ ያን ጊዜ አይተናል። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ራሳቸው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቆመው መንግሥት ሰዎችን ሲያሰቃይ እንደነበር አመኑ። ኢንጂነሩ ሞተው የተገኙት ከዚያ ንግግር አርባ ቀን ሳይሞላ ነው። በዚያው መስቀል አደባባይ በድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ከተወረወረ፣ ማለትም ከሰኔ 16፣ ገና አንድ ወር አልፎ ነበር። በነሐሴ ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ የምንለው፣ በግድቡ ላይ የነበረው ውል እንዲቋረጥ መደረጉ ተነገረ። ሰው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ እየደመረ ሳለ ነው «ራሳቸውን አጥፍተዋል» የሚለው ቃል የመጣው።

ፖሊስ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እውነት የያዘ ሰው እውነቱን የሚያስረክብበት እጅም ያስፈልገዋል። ያ እጅ ቀደም ብሎ በሐሰት ከቆሸሸ የያዘው ንጹሕ ነገር እንኳ ያስጠረጥራል። አማና ያጎደለ ሰው ከሚደርስበት ቅጣት አንዱ ይኸው ነው፤ እውነት በተናገረበት ቀን ሰሚ ያጣል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታይላንድ ለባሕር ጠላቂ ጎብኚዎች የታወቀች ኮ ታኦ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሁለት ወጣት ብሪታንያውያን ጎብኚዎች በባሕሯ ዳር ተገድለው ተገኙ። የደሴቷ እንጀራ ጎብኚ ነውና ገዳዩ ቶሎ እንዲያዝ የሚፈልገው ብዙ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ፖሊስ ከምያንማር ለጉልበት ሥራ የመጡ ሁለት ወጣቶችን ያዘ፤ አመኑም ተባለ። ወጣቶቹ ግን ያመንነው ተደብድበን ነው ብለው ቃላቸውን አነሡ። ጠበቆቻቸው የዘረመል ማስረጃው አያያዝ ትክክል አልነበረም ብለው ተከራከሩ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የበላይ ፍርድ ቤት አጸናው፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በንጉሡ ምሕረት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ዝቅ አለ። ከሟቾቹ ቤተሰቦች አንዱ ችሎቱን ተከታትሎ ፍርዱ ተገቢ ነው ብሏል። በምያንማር ግን ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ ልጆቻችን በድህነታቸው ተወነጀሉ ብሎ ጮኋል። እዚያ ፖሊስም፣ የላቦራቶሪ ውጤትም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔም ነበረ፤ ጥርጣሬው ግን አልቀረም። ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተበላሸ ምርመራ በኋላ በሚሰጥ ፍርድ በቀላሉ አይጠገንም።

ሁለቱ ቀሚሶች

ሱረቱ ዩሱፍን ስንቀራ ስለ ማስረጃ የሚያስተምሩን ሁለት ቀሚሶች እናገኛለን። የመጀመሪያው ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ወደ አባታቸው ያመጡት ነው። ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ተኩላ በላው የተባለው ልጅ ቀሚስ አለመቀደዱን አስተዋሉ። የተነገራቸውንም አላመኑም፤ ነገሩ የፈጠራ መሆኑንም በፊታቸው ተናገሩ። ከዚህ አልፈው ግን የራሳቸውን ታሪክ አልፈጠሩም። «እንዲህ አድርጋችሁ፣ እዚህ ቦታ ገድላችሁታል» አላሉም። ቢሉ ኖሮ ይሳሳቱ ነበር፤ ዩሱፍ አልሞተምና! ታገሡ፤ ከዓመታት በኋላም ልጆቻቸውን ሂዱና ፈልጉት ብለው ላኩ። ጥርጣሬያቸው ወደ ፍለጋ ሄደ እንጂ ወደ ሐሜት አልሄደም።

ሁለተኛው ቀሚስ በባለሥልጣኑ ቤት የተቀደደው ነው። መስካሪው ቀሚሱ ከመታየቱ በፊት መለኪያ አስቀመጠ፤ ከፊት ከተቀደደ እርሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እርሱ እውነተኛ ነው። ልብ በሉ! መለኪያው በማንኛቸውም ላይ ሊፈርድ የሚችል ነበር። እውነተኛ ምርመራ ማለት ይህ ነው። ቀሚሱ ከኋላ ተቀዶ ተገኘ፤ ጌቶቹ ግን ምልክቱን ካዩ በኋላ እንኳ ንጹሑን ሰው አሰሩት። በኋላም ንጉሡ ልቀቁት ብሎ ሲልክበት ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወዲያው አልወጡም፤ ነገሩ መጀመሪያ እንዲጣራ ጠየቁ። ከእስር መፈታት ብቻ አልበቃቸውም፤ ስማቸው በማስረጃ እንዲጠራ ፈለጉ።

የእኛስ ድርሻ?

ፖሊስን ስንወቅስ ራሳችንንም እንመልከት። በአገራችን ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ ናላ የሚያዞር መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ወገቡ ላይ ታስሮ እየተያዘ በመንደሩ ውስጥ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ማስረጃ አይጠየቅም፤ ልጁ ወድቋላ! ይህ ልማድ ከታገደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛ ግን በስልካችን መልሰን አመጣነው። በእነዚያ ሳምንታት ያልተወደቀበት ደጅ አልነበረም። አንዱ ግብፅ ናት አለ፤ ሌላው ሜቴክ፤ ሦስተኛው የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት፤ አራተኛው አዲሶቹ። ከዚህም የከፋው ጣቱን ከሰው አንሥቶ በአንድ ብሔር ላይ ቀሰረ። ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ሁሉም ግን እውነት ሊናገር አይችልም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ልክ ቢሆን የቀሩት ንጹሕ ሰው ላይ ደም ለጥፈዋል። እዚያ ውስጥ እኔም አለሁበት።

በሌላ በኩል «ራሱን አጠፋ» የሚለው ቃል በእኛም በክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ከባድ ነው። ሟቹ ተነሥቶ አይከራከርም፤ ሸክሙን የሚሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚናገር አካል ማስረጃውን በሙሉ የማሳየት ዕዳ አለበት። ነገሩ እውነት ከሆነ ቤተሰቡ በወሬ ከመንገላታት ያርፋል። እውነት ካልሆነ ሟቹ ሁለት ጊዜ ተበድሏል፤ አንድ ጊዜ በነፍሱ፣ አንድ ጊዜ በስሙ።

በእንግሊዝና በዌልስ በድንገት ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሞተን ሰው ጉዳይ የሚያጣራ ኮሮነር የሚባል ከፖሊስ የተለየ ሹም አለ። ችሎቱ በግልጽ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ቀርቦ ያየውን ይናገራል፤ የሟች ቤተሰብም ምስክሮችን ይጠይቃል። ይህም ቢሆን ጥርጣሬን ሁሉ አያጠፋም። ነገር ግን ጠርጣሪው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቦታ ያገኛል። በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ሁሉ አደባባይ ይውጣ አልልም። ፖሊስ ጨርሻለሁ ባለ ቀን ግን መዝገቡ ከመግለጫ አልፎ ገለልተኛ ዓይን ፊት ሊቀርብ ይገባዋል። ሕዝብ እመኑኝ የሚለውን ሳይሆን ተመልከቱ የሚለውን ነው የሚያምነው።

የእኛ ዕዳ ደግሞ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ያልተመለሰ ጥያቄ ሲኖረን «አላመንኩም፤ መልስ እፈልጋለሁ» ብለን ሳንሰለች መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው። «አውቃለሁ» ለማለት ግን የሚያስምል ዕውቀት ያስፈልጋል። ፖሊስ ያለ በቂ ማስረጃ ደመደመ ብለን ከተቆጣን፣ እኛ ያለ ምንም ማስረጃ ስንደመድም ምን ልንባል ነው?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ያ መግለጫ ከተሰጠ ሰባት ዓመት ከሁለት ቀን መሆኑ ነው። ያን ዕለትም በዚያችው ሻይ ቤት ሆኜ ውኃው ሲወርድ አየሁ። አዛውንቱ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከኋላዬ አንድ ወጣት «የገደሉትማ የታወቁ ናቸው» ሲል ሰማሁትና ዞር ብዬ የአዛውንቱን ጥያቄ ልጠይቀው አሰብኩ። አፌ ግን አልታዘዘኝም። እኔ ራሴ በ2010 የጠራሁትን ስም ገና አልመለስኩማ!

ስለዚህ በዚያች ዝናባማ ቀን እዚያ የነበራችሁና ይህ ጽሑፍ የሚደርሳችሁ ወንድሞቼ፦ ያን ቀን የጠራሁት ሰው ነገሩን ማድረግ አለማድረጉን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም። ከእኔ ሰምታችሁ ለሌላ የነገራችሁ ካላችሁ፣ ይህንንም ንገሩልኝ።

ወላሁ አዕለም።