ግልገሎቹን የሚያሰማራ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ቅዱስ ጴጥሮስን ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው (ዮሐ. 21፥15-17)። ስለ ዕውቀቱ አልጠየቀውም፤ ስለ ፍቅሩ ነው የጠየቀው። ጴጥሮስ ፍቅሩን ሲናገር በመጀመሪያ የተቀበለው አደራ ደግሞ ግልገሎቹን ነው። እንግዲህ ሕፃናትን ማስተማር ሌላ አገልግሎት ያጣ ሰው የሚይዘው ሥራ አይደለም። ጌታን መውደዳችን የሚታይበት ነው።

ይህን የምንነግራችሁ እኛም ጥፋት ስላለብን ነው። አንድ ቀን በቅዳሴ ሰዓት ሕፃናቱ ሲንጫጩ ተቆጥተን «ወደ ውጭ አውጡልን» አልን። አንዲት እህታችን ምንም ሳትናገር ሰብስባ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወሰደቻቸው። ከቅዳሴ በኋላ ብንሄድ ከካርቶን በቆረጠችው ፊደል «ሀ»ን ታሳያቸዋለች። ወለል ላይ ቁጭ ብላ የአንዱን ትንሽ እጅ ይዛ ማማተብን ታለማምዳለች።

ይህች እህት ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት የሰው ልጅ ስታሳድግ የምትውል ናት። «ልጄ፣ ያለችሽ የዕረፍት ቀን ይህች ብቻ ናት፤ ለምን አታርፊባትም?» አልናት።

«አባቴ፣ የእኔን ልጅ ለእናቴ ትቼ ነው የመጣሁት። እዚያ የሚያስተምርልኝ ሰው አለ። እኔም እዚህ የሌላውን ላስተምር» አለችን።

አፈርን። ሕፃናትን የሚያመጡትን ደቀ መዛሙርት በከለከሉ ጊዜ ጌታ የተቆጣው በደቀ መዛሙርቱ ነው፤ ሕፃናቱንማ አቅፎ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)። በዚያ ቀን እኛ የቆምነው ከከልካዮቹ ጋር ነበር።

እኛ ፊደል የቆጠርነው በየኔታ እግር ሥር ነው። አለንጋው አልቀረልንም። ዛሬ የምናመሰግነው ግን ትዕግሥታቸውን ነው። «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» እያልን ስንስት በጆሯቸው ያውቁታል፤ ሳይሰለቹም ከመጀመሪያው ይመልሱናል። ፊደሉንና አቡጊዳውን ስንጨርስ የምናነበው የዮሐንስን መልእክት ነው። አባቶቻችን ለሕፃን አፍ የመጀመሪያ ንባብ አድርገው የሰጡት ስለ ፍቅር የተጻፈውን መልእክት መሆኑን ልብ በሉ።

ልጆቻችን በዚህ በስደት ሀገር በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ሲማሩና ሲጫወቱ ይውላሉ። ይህ አይከፋም። ነገር ግን ዛሬ ፊደሉንና ጸሎቱን ካልያዙ፣ ነገ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዳ ይሆናሉ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን በሰዓቱ አምጡ። ለመምህሯ ሰጥታችሁ ወደ ጨዋታ አትሂዱ፤ በየተራ አብራችኋት ተቀመጡ። ማታም ምን እንደ ተማሩ ጠይቋቸው። ክርስትና ያነሣችሁ፣ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ስትታቀፉ የተቀበላችሁት አደራ በዕለቱ ድግስ አላበቃም። ደብተርና እርሳስ መግዛት የምትችሉ ደግሞ መምህሯ ከደመወዟ እስክትገዛ አትጠብቁ።

እናንተ የምታስተምሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ሕፃኑ ትናንት ያወቀውን ዛሬ ቢረሳ አትዘኑ። የዘራችሁትን ሌላ ሰው ያጭደው ይሆናል። ቅዱስ ጢሞቴዎስ የሐዋርያው ረዳት ከመሆኑ በፊት በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እጅ ያደገ ሕፃን ነበር (2ጢሞ. 1፥5)። ከእነዚያ ካርቶን ከያዙት ሕፃናት መካከል ነገ መቅደስ ገብቶ የሚቀድስልን፣ በመጨረሻ ሰዓታችንም የሚናዝዘን ማን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚህ በኋላ በቅዳሴ ሕፃን ሲያለቅስ አንቆጣም። እናንተም አትቆጡ።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ የመምህራኑን ድካም ይቁጠርላቸው፤ በሀገር ቤት የተተዉትንም ልጆች ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።