ጭረቱ ምክንያት ይኑረው

ልጄ፣ ትንሿን የጨዋታ ታንክ ቀብተህ ስትጨርስ እጅህ አርፎ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ ዝገትና ጭረት ልታለብሳት ትቸኩላለህ። ጭረቱን የምታስመስልበትን ስፖንጅ ከማንሳትህ በፊት ግን ራስህን ጠይቅ፦ እዚህ ቦታ ላይ ምን ነካው? መልስ ካጣህለት እለፈው።

የታንክ ቀለም የሚላጠው ሰው በሚመላለስበትና ነገር በሚፈትገው ቦታ ነው፦ ወታደሮቹ ረግጠው በሚወጡበት ጠርዝ፣ በመግቢያ ክዳኖቹ ዙሪያ፣ አካፋና ገመድ በሚታሰርበት፣ ግንብና ግንድ በሚያገኘው ፓራፋንጎ ላይ። ማንም የማይደርስበት የጎኑ መሃል ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መምሰል የለበትም።

ልኩንም አትርሳ። ከ28 ሚሊሜትር ወታደሮች ጋር የሚሰለፉ ታንኮች ብዙ ጊዜ በ1/56 ልኬት የተሠሩ ናቸው። አንተ 1 ሚሊሜትር ያሳረፍከው ነጥብ በእውነተኛው ታንክ ላይ ከ5 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ልጣጭ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን ጥቁር ቡናማ ቀለም ካስነካኸው በኋላ ወረቀት ላይ ደጋግመህ ጠቅ ጠቅ አድርገው። ምልክቱ ሊጠፋ ሲል ያን ጊዜ የታንኩን ጠርዝ ብቻ ዳሰስ አድርግ።

ሲላጥ ከሥሩ ምን ይወጣል? ጀማሪ ሁሉ ወደ ብርማ ቀለም ይሮጣል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ ከሆነ ግን በብረቱና በላይኛው ቀለም መካከል ቀይ ቡናማ አንቲረስት አለ። ላይኛው ቀለም አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ግራጫ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 መጀመሪያ ወዲህ ደብዛዛ ቢጫ ሆነ። ቀላል ጭረት አንቲረስቱን ያሳያል፤ ጥልቁ ብረቱን ያወጣል፤ ብረቱም ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። የሚያብረቀርቅ ብረት የሚያምርበት ሳያቋርጥ የሚፋተግ ቦታ ነው፤ መሬት የሚረግጠው የሰንሰለቱ ፊት አንዱ ነው።

የጥይት ምት ስትሠራ መሃሉን አጨልመው፤ በታችኛው ጠርዙ ላይ በቀጭን ብሩሽ ፈካ ያለ መስመር ሳብ አድርግ። ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ የጉድጓድን ታችኛ ጠርዝ ያበራዋል፤ ዓይን ተታሎ ጠፍጣፋውን ፕላስቲክ ጎድጎድ ያለ አድርጎ ያየዋል።

የምሥራቅ ግንባርን የበረዶ ወራት ነጭ ቅብ ከፈለግህ በመጀመሪያው ቀለም ላይ የፀጉር ስፕሬይ ንፋበት፤ ሲደርቅ ነጭ አክሪሊክ ደርብ። ከዚያ ውኃ በነካ ጠንካራ ብሩሽ ብዙ በሚረገጠው በኩል ፈተግ ፈተግ ስታደርገው ነጩ ራሱ እየተነሳ ይሄዳል።

ለእግረኛው ወታደርም ሕጉ ያው ነው። ጭቃው ከጫማው ይጀምርና እየሳሳ ወደ ካፖርቱ ጫፍ ይወጣል፤ ጉልበቱና ክርኑ ይነጣሉ። መቆሚያው ላይ ያለው አፈር ቀይ ከሆነ ጫማው ላይ ያለው ግራጫ ጭቃ ከየት መጣ?

ሁሉም ሲያልቅ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፋበት፤ በጨዋታ መሃል ስንት እጅ ያነሳዋል! የአቧራ መልክ የሚሰጠውን ዱቄት ግን ቫርኒሹ ስለሚውጠው ከዚያ በኋላ ጨምርበት፤ ጣት በሚይዝበት ቦታም አታድርገው። በመጨረሻ ክንድህን ዘርግተህ እየው፤ ተጫዋቹ የሚያየው ከዚያ ርቀት ነው። ቀድሞ ዓይንህ የገባው ጭረቱ ከሆነ አብዝተሃል፤ ታንኩ ከሆነ ብሩሽህን እጠብ።