ማንንም አለማስቸገር በጎነት ነውን?

በመንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው «ካራቫን» የሚለውን ቃል ሲሰማ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት የሽርሽር ዕቃ አይደለም። በጎማ ላይ የቆመ፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በውስጡም አንድ አልጋ፣ ከግድግዳው ጋር የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃና የውኃ ጀሪካን ይገኙበታል። በባዕድ አገር ሰዎች በዕረፍታቸው ወራት ይህንኑ ቤት ከአንዱ የድንኳን ሰፈር ወደ ሌላው እየጎተቱ ይዝናኑበታል። በአገራችንም በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከወንዙ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከረዩ ሎጅ ይባል በነበረው ማረፊያ እንግዶች ያድሩ የነበረው በእንዲህ ያሉ ካራቫኖች ነበር። እኔ ግን ካራቫንን ያወቅሁት በእንጀራ ምክንያት ነው። የመንገድ ጥገና ቀያሽ በነበርሁባቸው ዓመታት፣ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ ዛሬ ባቱ በምንላት በዝዋይ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ በሚገባው መንገድ ላይ ቤቴን በፒክአፕ እየጎተትሁ ከካምፕ ወደ ካምፕ ስዞር ኖሬአለሁ። ቤተ ሰቤ በአዳማ ነበር፤ ሁላችንም ናዝሬት እንላት በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው።

ቀያሽ ከሠራተኛው ጓድ ቀድሞ የሚሄድ በመሆኑ ሌሊቱን የማሳልፈው ለብቻዬ ነበር። መለኪያውን የሚይዙልኝ ልጆች ከአካባቢው የሚቀጠሩ ስለ ነበሩ ሲመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ብቸኝነቱ አልከበደኝም፤ እውነቱን ልናገርና፣ እወደው ነበር። የላንጋኖ ውኃ መልኩ ቡናማ ሆኖ ላየው ሰው የቆሸሸ ይመስላል እንጂ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ማታ ማታ ገላዬን እታጠብበት ነበር። ከመንገዱ ማዶ አብያታና ሻላ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ ሻላ ግን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ፀሐይ በሁለቱ ሐይቆች ላይ ስትጠልቅ በካራቫኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን እደግማለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ፤ በሬን እዘጋለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምኮራበት ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ከማንም ሰው አንድ ጭልፋ ወጥ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ለምኜ አለማወቄ ነበር። ማንንም አላስቸግርም የሚለውን እንደ አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ አድርጌ ይዤው ነበር።

አባቶቻችን የሚጓዙት እንዲህ አልነበረም። መንገደኛ በመሸበት መንደር ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ይጣራል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያካፍለዋል። ኦሮሞ ወገኖቻችንም «ኬሱማ» የሚሉት እንግዳ ተመሳሳይ ክብር አለው። እነዚህን ሁለት አነጋገሮች ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማቸው ልብ ሳንላቸው እናልፋቸዋለን። መንገደኛው ሲጣራ ማደሪያ የሌለው መሆኑን በአደባባይ ይናገራል። ባለቤቱም ሲመልስ ቤቱ የራሱ አለመሆኑን ይመሰክራል። ሁለቱም ከቆሙበት አንድ አንድ ደረጃ ወርደው ነው የሚገናኙት። ቤቱን ከኋላው እየጎተተ የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ አይጣራም፣ ማንም እንዲመልስለትም አያስገድድም። ይህ ነፃነት ዋጋ እንዳለው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1985 ዓ.ም. በበጋው ወራት ከላንጋኖ አልፌ ወደ አርሲ ነገሌ አቅጣጫ፣ ከአንዲት ጎጆ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቄ ሰፈርሁ። የጎጆዋ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የልጅ ልጃቸውን ወተት በጮጮ አስይዘው ላኩልኝ። እኔም ወተቱን ጠጥቼ ጮጮውን ከገንዘብ ጋር መለስሁ። በማግሥቱ ራሳቸው መጥተው ገንዘቡን በካራቫኑ ደረጃ ላይ አኖሩና፣ መለኪያ በሚይዝልኝ ልጅ አስተርጓሚነት፣ ወተት እንዳልሸጡልኝ ነገሩኝ። ከዚያም ቡና እንድጠጣ ጠሩኝ። ሥራ አለብኝ አልሁ። በሌላ ቀን ቡና ቀላ በቅቤ ጠብሰው ደግመው ጠሩኝ፤ ገና አሁን በላሁ አልሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ነገር ግን አልሄድሁም። ላሞቻቸው ጥቂቶች፣ ልጆቻቸው ብዙዎች ነበሩ፤ የእነዚህን ሕፃናት ወተት ለምን እጠጣለሁ ብዬ አሰብሁ። ይህ አሳብ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ያታለለኝም ለዚህ ነው። የሰፈሩ ልጆች ካራቫኔን «ሳንዱቅ» ይሉታል፤ እኔንም የሳንዱቁ ሰውዬ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ብዙ እግር በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ዝቅ ያለ የሰው ድምፅም ሰማሁ። ከለቅሶ የሚመለሱ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ ተኛሁ። በማግሥቱ መለኪያ የሚይዝልኝ ልጅ ሳይመጣ ቀረ። ከቀትር በኋላ ብቅ ሲል እንደ ነገረኝ፣ የእማማ ምራት በምጥ ተይዛ ሁለት ቀን ቆይታ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ሲብስባት ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው በእግራቸው ወደ አርሲ ነገሌ ወሰዷት፤ ከዚያም መኪና ተገኝቶ ሻሸመኔ ደረሰች። እርሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ። ፒክአፔ ከጎጆዋ እስከ መንገዱ ባለው ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ነዳጅም ነበራት። ቃሬዛው ያለፈው በአጠገቧ ነው።

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?» ብዬ ጮኽሁበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱ ይህን አሳብ አንሥቶ እንደ ነበር፣ ነገር ግን እማማ «እርሱ ከሰው ምንም የማይፈልግ ሰው ነው፤ ምን ብለን እንጠይቀዋለን?» እንዳሉ ነገረኝ። በቃላቸው ቂም አልነበረበትም፤ ነውር መስሎ ስለ ታያቸው ብቻ ነበር። ሐኪም አይደለሁምና መኪናዬ ሕፃኑን ታድነው ነበር ብዬ አልምልም። ሆኖም ያ ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ በሯን ከፍታልኝ ሳልገባ ስቀር፣ በዚያው ልክ የእኔ በር በእርሷ ላይ እየተዘጋ ነበር። የትኛውን ትእዛዝ ተላለፍሁ? አልሰረቅሁም፤ አልበደልሁም፤ ክፉም አልተናገርሁም። በሚቀጥለው የንስሐ ቀኔ ይህን ለካህኑ ለመናገር ስሞክር ስም አጣሁለት።

ካቴኪስቶች ለልጆች የምሕረት ሥራዎችን ስናስተምር እንግዳን መቀበልን ከእነዚያ አንዱ አድርገን እንቆጥራለን። በዚያ ትምህርት ውስጥ ዘወትር ራሳችንን የምናስቀምጠው በባለቤቱ ስፍራ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ራሱን ያስቀመጠው በእንግዳው ስፍራ ነው (ማቴ. 25)። በወንጌል ደጋግሞ የሚለምን እርሱ ሆኖ እናገኘዋለን። ሳምራዊቷን ሴት ስለ ሕይወት ውኃ ከማስተማሩ በፊት የሚጠጣ ውኃ ጠየቃት (ዮሐ. 4)። ዘኬዎስን ንስሐ ግባ ከማለቱ በፊት በቤትህ ላድር ይገባኛል አለው (ሉቃ. 19)። ወደ ኤማሁስ በሚወስደው መንገድም ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከእኛ ጋር እደር ብለው ግድ ባይሉት፣ እርሱም እሺ ባይላቸው፣ በእንጀራው መቍረስ ባላወቁት ነበር (ሉቃ. 24)። የሚሰጠው የበዛለት ጌታ የሌላውን እጅ በመቀበል ጀመረ፤ ተቀባይ ያልሆነ ሰጪ ባዕድ ሆኖ እንደሚቀር ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለራሴ ጠበቃ አድርጌ የኖርሁት ቅዱስ ጳውሎስን ነበር። ድንኳን ሰፊ ነውና (የሐዋ. 18) ከሙያችን ጋር የሚቀራረብ ሐዋርያ ነው፤ በማንም ላይ እንዳይከብድ ሌሊትና ቀን በእጁ እየሠራ ወንጌልን እንደ ሰበከ ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፏል። ነገሩን እንደ ገና ሳነበው ግን የዘለልሁት ብዙ ኖሯል። በፊልጵስዩስ ከተማ ሐምራዊ ልብስ የምትሸጠው ልድያ በቤቷ እንዲያድሩ ግድ ባለቻቸው ጊዜ ገብቶ አድሮአል (የሐዋ. 16)። የፊልጵስዩስ ሰዎች ለችግሩ የላኩለትንም አንድና ሁለት ጊዜ ተቀብሎአል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ ከሌሎቹ ያሳነሳቸው እርሱ ራሱ በእነርሱ ላይ ባለመክበዱ ብቻ እንደ ሆነ ጠቅሶ ለዚህ በደሉ ይቅርታ ይጠይቃል (2ቆሮ. 12)። ቃሉ ምፀት እንዳለበት አውቃለሁ። ሆኖም በምፀት የተነገረ ነገርም እውነት ሊኖርበት ይችላል፤ አለመክበድም አንዳንድ ጊዜ ይቅርታ የሚጠየቅበት በደል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ማለፍ አልፈልግም፤ እኔም ራሴ አሁንም ግማሽ በግማሽ እይዘዋለሁና። እንግዳ ይከብዳል። አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ከዚያም ብረት እንደሚሆን ሲናገሩ በቀልድ ብቻ አልነበረም። «ዲዳኬ» በመባል የሚታወቀው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ትምህርትም መንገደኛውን ተቀበሉት ካለ በኋላ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ይወስናል፤ ለመቀመጥ ከፈለገም ሠርቶ ይብላ ይላል። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በሥርዐቱ 53ኛ ምዕራፍ እንግዳው እንደ ክርስቶስ ተቆጥሮ እንዲስተናገድ ካዘዘ በኋላ፣ በማናቸውም ሰዓት የሚመጣው እንግዳ መነኮሳቱን እንዳያውክ የእንግዳ ወጥ ቤት ለብቻው እንዲሆን ያዝዛል። ቅዱሳን የዋሆች ነበሩ እንጂ ሞኞች አልነበሩም።

ደግሞም በሩን ዘግቶ የሚያድር ሁሉ በትዕቢት የሚዘጋ አይደለም። ከጅቡቲ ጭነው በአዋሽና በመተሐራ አድርገው ወደ አዳማ የሚወጡ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከነተሳቢያቸው በመንገድ ዳር ቆመው በጋቢና ያድራሉ። ከእነርሱ አንዱን ለምን አልጋ እንደማይዝ ስጠይቀው፣ ጭነቱን ትቶ ቢሄድ ሲነጋ ጎማ እንደማያገኝ ነገረኝ። ለብቻዋ የምትጓዝ ሴትማ የማታውቀውን ደጅ ታንኳኳ ብሎ የሚመክራት ሰው አስተዋይ አይደለም። መንገዱ አስጊ በሚሆንበት ጊዜ በር መዝጋት ጥበብ ነው። እኔ ግን በላንጋኖ ዳር የፈራሁት ሌባ አልነበረም። የፈራሁት ባለ ዕዳ መሆንን ነው፤ አንዲት ድሃ አሮጊት ሰጠችኝ መባልን። ያንን ወተት በገንዘብ ስመልስ ያዘንሁላቸው መስሎኝ ነበር፤ ያደረግሁት ግን ከእኔ ጋር እኩል የሚሆኑበትን ብቸኛ ነገር ከእጃቸው መንጠቅ ነው።

ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ በአዳማ ምእመናንን ስጎበኝ ያንኑ የቆርቆሮ ቤት በብዙ መልክ አየዋለሁ። ልጆቻቸው በባዕድ አገር ያሉ አዛውንት ሦስት ሳምንት ታመው ከርመው ለምን አልነገሩንም ስንላቸው «እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው» ይላሉ። ይህን ስሰማ አልቈጣም፤ ቋንቋው የገዛ ቋንቋዬ ነውና። አብረውኝ የሚሄዱ ወጣት ካቴኪስቶች ደግሞ የቀረበላቸውን ቡና ጊዜ የለንም ብለው ትተው ሲነሡ እጃቸውን ይዤ አስቀምጣቸዋለሁ። ሦስተኛው ስኒ እስኪወርድ ድረስ የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ አይናገርም፤ ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ።

ወደ እማማ የተመለስሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ካራቫኑን ካስረከብሁ ቆይቼ ነበር። ከአዳማ ጥሬ ቡና ገዝቼ በሻሸመኔ ሚኒባስ ሄድሁና ከመንገዱ ላይ ወረድሁ፤ የምሄድበትን አስቀድሜ ለማንም አልነገርሁም፤ ማደሪያም አልያዝሁም። ምራቲቱ ውኃ ተሸክማ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ስትመጣ አገኘኋት፤ አላወቀችኝም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተጣራሁ። እማማ በበትር ተደግፈው ወጡ፤ ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ቀርበው ፊቴን አዩት። ከዚያም ሳቅ ብለው «ሳንዱቅህን የት ጣልኸው?» አሉኝ፤ በእኔ ቋንቋ። የለኝም፤ መሽቶብኛልና ያሳድሩኝ አልኋቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ሻላ በኩል ተመለከቱ። «ገና ፀሐይ አለ እኮ» አሉና ከደጁ ገለል አሉልኝ።