ቁጥሩን ያወጣው ማን ነው?

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የ2016 ዓ.ም.ን አበቅቴ ቢጠይቁት ከነመንገዱ ነው የሚነግራችሁ። 5500 ላይ 2016 ይደምርና 7516 ይላል። በ19 ይገድፈዋል፤ 11 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ይተዋል፤ ወንበሩ 10። ያንን በ11 ሲያባዛ 110፤ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 20 ሆነ። አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ለማለት ጣቱና ጆሮው ይበቁታል። እንዲህ ያለው ሰው ለእኛ ለይጁቤ ልጆች እንግዳ አይደለም።

የዛሬው ተመራማሪ ግን የሚቆጥረው በሶፍትዌር ነው። ድንቅነሽን እንውሰድ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ለኤግዚቢሽን አሜሪካ በሄደች ጊዜ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሣች፤ ወደ 35,000 የሚጠጉ ምስሎችም ወጡ። በ2008 ዓ.ም. ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» አሉ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ደግሞ አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ ከአፈር በታች በኖረ በሌላም እንስሳ አጥንት ላይ ይታያል ባይ ናቸው።

ልብ እንበል፤ «ወደቀች» ያለው ሰው እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም። ስለዚህም ተከራካሪ አገኘ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው እርምጃ ነው። ስካን የሚሰጠው ግራጫ ጥላ ነው። አጥንቱ ድንጋይ ሆኗል፤ የተጣበቀበትም ድንጋይ ነው። ታዲያ አጥንቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ወሰኑን የሚያሰምረው አንድ ቁጥር ነው፤ ወይ ተመራማሪው ይመርጠዋል፣ ወይ የሶፍትዌሩ ሠሪ አስቀድሞ አስገብቶታል። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ባለ መጠን አጥንቱ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። የሶፍትዌሩ ውስጥ በንግድ ምስጢር ከተቆለፈ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚል ጓደኛ ከየት ይመጣል? ያለ እርሱ የያዝነው ዕውቀት ሳይሆን አደራ ነው።

«የቆሎ ተማሪውስ 19 ለምን እንደሆነ መቼ ያውቃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙው ከመምህሩ ተቀብሎ ነው የሚያስኬደው። ነገር ግን 19ኙ በግልጽ ተቀምጧል። ጨረቃ በ19 ዓመት ከፀሐይ ጋር እንደምትገጥም የፈለገ ጠይቆ፣ የተጠራጠረም ሰማዩን አይቶ ይደርስበታል።

ብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን የትከሻና የጉልበት ቅርጽ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ እንዲያትም መፍቀዱ መልካም ሥራ ነው። የደብረ ማርቆስ ተማሪም ትከሻዋን በፕላስቲክ አትሞ በእጁ ሊያገላብጠው ይችላል። የትኛው ጥላ አጥንት ተብሎ እንደቀረ፣ የትኛው አፈር ተብሎ እንደተቆረጠ ግን ከፕላስቲኩ ላይ አይነበብም።