ሳኦልና ዳዊት በተወቀሱ ጊዜ

ምእመናን ሆይ፤ ሳኦልም ዳዊትም ተቀብተው ነገሡ፤ ሁለቱም በደሉ። በሰው ሚዛን የዳዊት ይከብዳል፤ የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ግንባር አስገድሏልና። ሳኦል ግን ከአማሌቅ ምርኮ ስላስቀረው ከብት ሳሙኤል በወቀሰው ጊዜ በሕዝቡ አመካኘ፤ ኋላም በደሉን ሲያምን በሽማግሎች ፊት አክብረኝ ሲል ለመነ። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው ማንንም አልጠራም፤ እግዚአብሔርን በደልሁ አለ።

ማመካኘት ከአዳም ጀምሮ የተከተለን ስብራት ነው። ወጌሻ የሚጠይቀው የታመመው አጥንት የቱ እንደ ሆነ እንጂ የሰበረው ማን እንደ ሆነ አይደለም፤ እኛ ግን ለንስሓ ቀርበን የጎረቤታችንን ኃጢአት እንተርካለን። ይህን መጻፌ እኔም ለነፍስ አባቴ እንዲሁ ተናዝዤ ስለማውቅ ነው።

ዳዊት ኃጢአቱ ከተሰረየለት በኋላም ሕፃኑ ሞተበት። በዚያም ቀን ከምድር ተነሥቶ ታጠበ፤ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ።