የማን ተማሪ ነህ?

የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ አዲስ ጉባኤ ቤት ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «የማን ተማሪ ነህ?» ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በቅኔ ስማቸው የገነነው በመምህሮቻቸውና እነሱ ባፈሯቸው ደቀ መዛሙርት ነው። እዚያ ማስተማር የአደባባይ ሥራ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ ቤቱ ሲጎድል፣ ምሥጢሩ ሲሳት እንዴት እንደሚታረምም ያያሉ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ግን ብዙ አዲስ ነገር አግኝተን ይህን አንዱን ከውጭ ተውነው። የክፍሉ በር ተዘጋ።

እኔ ፍሬሽማን ሳለሁ ካልኩለስ ያስተማሩን አንድ ሌክቸረር ነበሩ። አንድ ቀን ጓደኛችን ሰሌዳው ላይ «ዜሮ ሲካፈል ለዜሮ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ዳስተሩን አላነሡም። ስሕተቱን በጠመኔ ከበቡትና «ይህ መልስ ልክ የሚሆንበት ሊሚት አለ፤ እስቲ ፈልጉልኝ» አሉ። አንዷ ሳይን ኤክስን ለኤክስ አካፍላ፣ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ አንድ አገኘች። ሌላው ሁለት ኤክስን ለኤክስ አካፍሎ ሁለት አገኘ። ከኋላ ያለው አምስት አመጣ። ደወሉ ሳይደወል፣ ዜሮ ለዜሮ ለምን አንድ ቋሚ ዋጋ እንደሌለው ሁላችንም ገብቶን ነበር። የተሳቀበት ልጅ ፊት ላይ የነበረውን ብርሃን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኚያ ሰው እኔ እስክመረቅ ድረስ ሌክቸረር እንደሆኑ ነበሩ።

ታዲያ የማስተማር ብቃት የሚገኘው የት ነው? የተማሪው ውጤት ላይ እንዳንል፣ ጎበዙ ያለ መምህርም ይጎብዛል፤ ሰነፉም ደኅና መምህር ይዞ ይወድቃል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች የሚሞሉት የመምህር መገምገሚያ ቅጽም የሚነግረን በከፊል ነው። ተማሪ መምህሩ በሰዓቱ መግባቱን፣ ማክበሩን፣ መድከሙን ያውቃል፤ ይህ መናቅ የለበትም። ያቺ የተከበበች ስሕተት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረች ግን እኔ የተረዳሁት ራሴ ሳስተምር ነው። ያን ዕለት ሊያየው የሚችለው ትምህርቱን የሚያውቅ ባልደረባ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ለዚህ ነው ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሻግረው በዋናነት በጆርናል የወጣ ጽሑፍ የሆነው። ጽሑፍ ይነበባል፣ ይመዘናል፣ ይቆጠራል። ምርምር መከበሩ ተገቢ ነው። ማስተማርን ግን ማንም ሳያየው «ሊለካ አይችልም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በዓመት አንዴ ለጥሩ መምህር የምስክር ወረቀት መስጠትም ይህን አያቃናውም።

እናንተ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና አንጋፋ ፕሮፌሰሮች፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የባልደረባችሁን ክፍል አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ያያችሁትንም ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁበት፣ ለማዕረግ ዕድገት ከሚቀርበው ፋይሉ ጋር አያይዙት።